ልክክ ያለው መሳቢያ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ሜትር» ብሎ ነው የሚጠራት። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ደንበኛዋን ገና በር ላይ ሳለ በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። የሰውን ሁሉ ልክ የምታውቅ ሴት የራሷን አንድ ነገር ከቤተሰቧ በቀር ከሰው ሁሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብቃለች፤ የኤችአይቪ መድኃኒቷን። ስትራመድ ክኒኖቹ ተንኳኩተው እንዳያሳብቁባት የብልቃጡን አፍ በጥጥ ትጠቀጥቀዋለች። ጥጥ መቼም በልብስ ሰፊ ቤት አይታጣም።

አሁን ግን ጣጣ መጣ። ከማዶ የሚሠራው አናጢ፣ ሚስቱ የሞተችበት ያ ሳቂታ ሰው፣ «እንጋባ» አላት። ልቧ ወዲያው እሺ አለ፤ አፏ ግን አንድ ሳምንት ስጠኝ አለው።

ልንገረው ወይስ ልተወው ብላ ብታማክር ቤተሰቧ ለሁለት ተከፈለ። ታላቅ ወንድሟ፣ መድኃኒቱ ቫይረሱን በምርመራ እንኳ እንዳይታይ አድርጎ ዝም ካሰኘው፣ አንቺን ምን ያስለፈልፍሻል ባይ ነው። እህቷ ደግሞ ሰውን ዓይኑን ሸፍኖ ድልድይ ማሻገር ነውር ነው ብላ ተቆጣች፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላም ተረተችባት።

«መድኃኒቱንማ አግኝቻለሁ። ያጣሁት ምላስ ነው» አለች ሜትር።

በጤና ጣቢያው መድኃኒቷን የምትሰጣት ነርስም ተጠየቀች። ክኒኑን ሳታቋርጪ እስከወሰድሽና ቫይረሱ በምርመራ እስካልታየ ድረስ ከባልሽ ጋር ብትተኚ አይተላለፍበትም አለቻት፤ መንገሩን ግን ለራስሽ ትቼዋለሁ። ሜትር ተናደደች። ሁሉም እውነት ሲናገር ሰው ማንን ይሰማል?

ሳምንቱ ሲሞላ አናጢው ከወር በፊት ያዘዘችውን የስፌት ጠረጴዛ ተሸክሞ ከች አለ። ጠረጴዛው በቀኝ በኩል ትንሽ መሳቢያ አለችው፤ ስታዝዘው ለክር ናት ብላው ነበር። ሜትር ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ይህን ሰው እንዳታጣው ፈርታለች፤ ዋሽታ ልታገባውም አልሆነላትም።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ሰምተህ ጠረጴዛህን ይዘህ ብትመለስ አልቀየምህም።»

በአንድ ትንፋሽ፣ ከነነርሷ ቃል ነገረችው። ብልቃጡንም ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። አናጢው ተቀበላትና መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠው። ልክክ አለ፣ የተሰፋለት ይመስል።

«ያንቺ ልክ መቼ ስቶ ያውቃል» አለ። «አምና የጤና ጣቢያውን የኤችአይቪ መድኃኒት መደርደሪያ በዚሁ ብልቃጥ ልክ የሠራሁት እኔ ነኝ። ለክር ብለሽ ቁመትና ወርዱን ጽፈሽ ስትሰጪኝ፣ ይሄን ልክ የት ነው የማውቀው አልኩ።»

ሜትር መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት። ሳትለካ ማዘዝ የማይሆንላት ሴት ምስጢሯን በሴንቲሜትር ጽፋ ሰጥታዋለች።

«ጠርጥረህ ነው እንጋባ ያልከኝ?»

«ጠርጥሬ ነው። ምስጢሩ ግን ያንቺ ነው፤ ካንቺ አፍ እስክሰማው ጠበቅኩ። በዚህ ሳምንት እንቅልፍ እንዴት እንዳጣሁ ግን አልነግርሽም።»

ነገ ነርሷ ዘንድ አብረው ሊሄዱ ተስማሙ፤ እሱም የልቡን ሊጠይቅ፣ ሊመረመርም። ከዚያ ብልቃጡን አንስቶ ነቀነቀው። ብልቃጡ ድምፅ አልሰጠም። ድምፁን ምን በላው ብሎ ቢጠይቃት የጥጡን ነገር አጫወተችው። ሳቂታው አናጢ በዚህ አልሳቀም።

«አውጪው» አለ። «ጠዋት ጠዋት ሲንኳኳ ልስማው፤ መውሰድሽን ልወቅ።»

ሜትር ጥጡን መዝዛ አወጣችና ብልቃጡን ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ክኒኖቹ ተንኳኩ። ስድስት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ድምፅ ይሄው ነው። ደገመችው።