የጭርቦ ካርቶን

"የስልክዎ ቦርድ ጭርቦ ሆኗል፣ አባቴ። ከእንግዲህ ነፍስ አይዘራም" አለ የሱቁ ባለቤት ፈንታው።

ሰርካዲስ ብሎን መፍቻዋን አስቀመጠች። "ጭርቦ" የገዛ ቃሏ ነው። በ2006 ክረምት፣ ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ይህ የስልክ ጥገና ሱቅ ዝናብ በመታቸው ስልኮች ሲጥለቀለቅ ከአፏ ያመለጣት ቃል። "አልተቃጠለም፣ ቆሽሾ ነው፣ ተጠርጎ ይድናል" ማለት ሲሰለቻት "ጭርቦ ነው" ብላ ለፈንታው ትወረውርለት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀውበታል። ለካ እሱ ሰው መዝረፊያ አድርጎታል!

ባንኮኒው ፊት የቆሙት አቶ ባየ ጠዋት ከሸዋ ቤንች በሚኒባስ የመጡ ገበሬ ናቸው።

"ዝናብ መታው፤ ይድረቅልኝ ብዬ ጀንፈል ጆንያ ውስጥ ቀብሬ አሳደርኩት" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

በዚህ አገር ይህን የማያደርግ የለም። ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ እርጥበቱን ይመጥጥ ይሆናል፤ የገለባው ብናኝ ግን በቻርጀር ቀዳዳ ገብቶ ይጋገራል። በብሩሽና በአልኮል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

"ውስጡ ያለው ድምፅስ? እሱም አይወጣም?" አሉ አቶ ባየ።

"የምን ድምፅ?" አለ ፈንታው።

"ጎረቤቴ የቡና መሬቴን ወሰን በሽማግሌ ፊት ያመነበት ነው። ልጄ ቀድታልኝ ነበር። አሁን ካደ፤ ሽማግሌዎቹም ፈርተው ዝም አሉ። ፍርድ ቤት ለሐሙስ ቀጥሮኛል።"

"ጭርቦ ከሆነ ድምፅም አይተርፍም። ለመለዋወጫ ይተዉልኝ፣ መቶ ብር እሰጥዎታለሁ።"

ፈንታው መልስ እንኳ አልጠበቀም። የወረቀት ፕላስተር ቆርጦ ስልኩ ጀርባ ላይ ለጠፈና "ባየ፣ ሸዋ ቤንች፣ ጭርቦ" ብሎ ጻፈበት። ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን አለው። እንዲህ የተተዉለት ስልኮች ከዚያ ወጥተው ሰርካዲስ ዘንድ የሚደርሱት ፕላስተራቸው ተልጦ ነው። "የገዛኋቸው ናቸው፣ ጥረጊያቸው" ይላታል፤ ትጠርጋለች፤ ይሸጣል። አንድ ቀን እንኳ የማን ናቸው ብላ አልጠየቀችም። ደሟ ፈላ፤ በእሱም፣ በራሷም።

አቶ ባየ ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ ጠጋኟ አንቺ ነሽ መሰል። ጭርቦ ማለት ምንድን ነው?"

ፈንታው ዓይኑን አፈጠጠባት። "ሰርካዲስ፣ ሥራሽን ሥሪ!"

"ሥራዬ ይኸው ነው" ብላ ተነሣችና ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። "አባባ፣ ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቆሽሿል፣ ይድናል ማለት ነው።"

"አብደሻል? ደንበኛ ፊት!"

"አንተ ነህ ያሳበድከኝ! ሰው አልገባኝም ማለት አፍሮ ንብረቱን ጥሎልህ እንዲሄድ ነው ቃል ያወጣሁልህ? ሌባ!"

ስልኩን ፈታችው። ጠረገች፣ አደረቀች፣ ቻርጀር ሰካች። ስልኩ በራ። አቶ ባየ በሻካራ ጣታቸው ቅጂውን ፈላልገው ነኩት፤ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ሱቁን ሞላው፦ "ወሰናችን ዋንዛው ነው፤ አምኛለሁ።" አቶ ባየ ስልኩን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዙት።

"ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪልኝ" አለ ፈንታው። "ዛሬውኑ!"

ብሩሿንና መፍቻዎቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ተመልሳ ካርቶኑን ከባንኮኒው ሥር ጎትታ አወጣችውና ከላይ ያለውን ስልክ አነሣች። "ጥሩነሽ፣ ማጂ፣ ጭርቦ" ይላል። ማጂ! ስንት ሰዓት መንገድ መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች?

በእስክሪብቶ ጭርቦ የሚለውን ሰረዘችና "ቆሽሿል፤ ይድናል" ብላ ጻፈች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ብሩሿን መልሳ ከቦርሳዋ አወጣች።

"ውጪ አልኩሽ እኮ!"

"ካርቶኑ ሲያልቅ እወጣለሁ" አለችው ቀና ሳትል።

አቶ ባየ በሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።