ልብሱ ብቻ መጣ

ወንዳፍራሽ መኪናውን ሱቁ ፊት ለፊት ፓርክ ሲያደርግ ሲቲና ለሁለት ሴቶች በርበሬ እየመዘነች ነበር። በመስታወቱ አየችው።

«መጣ» አለች ዞር ሳትል።

«ማን?» አለ ስዩም ከጓዳ።

«ያ ሰውዬ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚሰበሰቡት፣ ልጆቻቸውን ለባሕር ኃይል ማሠልጠኛ የሸኙ ወላጆች ናቸው። ስዩም ታክሲ ይነዳል፤ ሣህሊቱ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ሲቲና የሱቁ ባለቤት ናት። ሥልጠና ላይ ያለ ልጅ እንዳሻው አይደውልም። ስለዚህ አንዱ ያገኘውን ወሬ ለሌላው ያካፍላል፤ የጨነቀው ያለቅሳል፤ የተሻለው ያጽናናል።

ወንዳፍራሽን ከዚህ ክፍል ያራቀው የገዛ አፉ ነው። የሲቲና ልጅ ዩስራ በሄደች ሰሞን፣ የስደት ሰፈራቸው የፌርፋክስ ሐበሻ ሁሉ በተሰበሰበበት ለቅሶ ቤት፣ «ሴት ልጇን ለሰው አገር ጦር ከሸጠች እናት አጠገብ አልቀመጥም» ብሎ ወንበሩን አንስቶ ሌላ ጥግ ሄደ። ወሬው ብዙም ሳይቆይ ኮምቦልቻ ደረሰ። የሲቲና እናት «እውነት ነው ወይ?» ብላ እንኳ ሳትጠይቅ የልጇን ስልክ ማንሳት አቆመች። እስካሁንም አላነሳችም። ባሏ ሀቢብ «ተይው፣ ለአላህ ስጪው» ይላት ነበር። ሲቲና ግን ፍርዱን በዓይኗ ማየት ፈለገች። የወንዳፍራሽ ልጅ ዳጊ ለአባቱ ሳይነግር ፈርሞ መሄዱን የሰማች ዕለት፣ ለሀቢብ ያልነገረችው ደስታ ተሰምቷት ነበር።

በሩ ተከፈተ። ወንዳፍራሽ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የፓርኪንግ ማናጀር ነው፤ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ታይቶ አያውቅም። ዛሬ ሸሚዙ ተጨማዶ ከሱሪው ወጥቷል።

«ሲቲና፣ ደህና አደርሽ?»

«ደህና። ምን ልስጥዎት?» አንቱታውን ትልቅ ሰው ነውና አልተወችም። ጋሼ ማለቱን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ትታዋለች።

«ለብቻሽ ላናግርሽ ነበር።»

«እርስዎ ሰው ፊት መናገር አይደል የሚወዱት? እዚሁ ይናገሩ።»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ወንዳፍራሽ ወለሉን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት ካርቶን መጣ። የዳጊ ልብስ ነው። ጫማው፣ ሱሪው፣ ቀበቶው ሳይቀር። ባለቤቴ ዕንቁ፣ ‘ልጄ ሞቷል’ ብላ ካርቶኑን አቅፋ ወለል ላይ ተቀምጣለች። እህል አልቀመሰችም። የመለመለው ሪክሩተር ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም።»

«ልጁ ሲደርስ አልደወለላችሁም?»

«ደውሎ ነበር።» ድምፁ አነሰ። «ደርሻለሁ ሲለኝ... ዘጋሁበት።»

ሣህሊቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ልትናገር ስትል ሲቲና በእጇ ምልክት አስቆመቻት።

ነገሩን ሦስቱም ያውቁታል። ምልምሎች እንደደረሱ የለበሱትን አውልቀው ዩኒፎርም ይለብሳሉ፤ የሄዱበት ልብስ በፖስታ ወደ ቤት ይላካል። የሁሉም። የዩስራ ካርቶን ሲመጣ ሲቲናም የልጇን ሻርፕ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ጮኻ ነበር። ለወትሮው ጩኸት ሲሰሙ የሚሮጡት የሰፈሩ ሴቶች ያን ቀን አልመጡም፤ ከወንዳፍራሽ ንግግር በኋላ ማን ይመጣል? ከሥራ በቀጥታ መጥታ እውነቱን የነገረቻት ሣህሊቱ ብቻ ነበረች።

አሁን ሲቲና ያንኑ እውነት አፏ ውስጥ ይዛዋለች።

«ለቅሶ ቤት ያሉትን ይድገሙት» አለች።

«ሲቲና...»

«እነዚህ ሴቶችም እዚያ ነበሩ። ይድገሙላቸው።»

ደገመው። ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ።

«አልሰማሁም።»

ጮክ ብሎ ደገመው። «አጥፍቻለሁ» ሲልም ጨመረ። «ይቅር በይኝ።»

ይህንን ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች። ሲሆን ግን ንዴቷ አልበረደም፤ ይብስ ተቀጣጠለ። ይቅርታው የተሰማው ፌርፋክስ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ድረስ አይሄድም።

«የዕንቁን ስልክ ይስጡኝ» አለችው። ቁጥሩን ይዛ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች።

የዕንቁ ድምፅ በልቅሶ ጎርንኗል።

«ዕንቁዬ፣ ሲቲና ነኝ። ስሚኝ፤ ልብሱን ለሁሉም ነው የሚልኩት። የዩስራም መጥቶልኛል፣ የሣህሊቱ ልጅ የካሌብም መጥቷል። ዩኒፎርም ስለሰጧቸው ነው እንጂ ልጅሽ ምንም አልሆነም።»

«ወላሂ በይኝ።»

«ወላሂ።»

ዕንቁ እንደ አዲስ አለቀሰች፤ ይኼኛው ልቅሶ ግን ሌላ ነበር። ሣህሊቱ ስልኩን ተቀብላ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍለት ነገረቻት። ስዩም ደግሞ ከጎን ሆኖ፣ «ለመጪው ቅዳሜ እኔ ቤታቸው ሎንግ ቢች ድረስ ሄጄ ወደዚህ አመጣታለሁ፣ በያት» አለ።

ስልኩ ወደ ሲቲና ሲመለስ ዕንቁ ረጋ ብላለች።

«ወንዳፍራሽ ሰምቷል?»

«አልሰማም። ልንገረው?»

«ልጄ ሳይሰናበተኝ የሄደው በሱ ምላስ ነው» አለች ዕንቁ። «ተይው። ቤት ሲመጣ ፊቱን እያየሁ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ቢደውልልሽስ?»

«አላነሳም።»

ሲቲና ስትወጣ ወንዳፍራሽ ከጤፍ ከረጢቶቹ አጠገብ እንደቆመ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር፤ አወረደው።

«አታነሳም። ምን አለችሽ?»

«ቤትዎ ይሂዱ። እሷ ትነግርዎታለች።»

«ልጄ አለ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ሣህሊቱ ከኋላዋ ቀስ ብላ፣ «ሲቲና፣ ይበቃዋል» አለች።

ሲቲና ሰውየውን አየችው። አሁንም ስልኩን ጨብጧል። በእሱ አፍ የተነሳ እናቷ የማታነሳው ስልክ ሲጠራ የሚሰማትን አስታወሰች፤ ጠርቶ፣ ጠርቶ፣ ዝም የሚለውን። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

«ፍሪዌዩ በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው፣ የዳጊን ነገር ሳታነሳ። «ቶሎ ቢነሱ ይሻላል።»