ቁልፉ እኔ ጋ ነበር

እትዬ ቁልፍ ላገኘችው ሰው ሁሉ የምትነግረው አንድ በደል ነበራት። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠ ትነግራለች፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ለሚጠብቅ ትነግራለች፤ ጥርሷን ሊነቅል አፏን ላስከፈታት ሐኪም እንኳ፣ እጁን እስኪያወጣ ጠብቃ ነግራዋለች።

በደሉ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እሷ የምትጠብቀውን የትልቁን አዳራሽ በር ሰበሩት፤ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ነበር።

«እዚች ኪሴ ውስጥ!» ትላለች ሽርጧን እየመታች። «አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ‘ቁልፉን ስጪን’ ቢለኝ እሰጥ ነበር። ማን ጠየቀኝ? ማንም!»

ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ስለተደበደቡት ተማሪዎች፣ ስለተባረረው መምህር። እሷ ግን በሩን ሳትጨርስ ወደዚያ አትሻገርም። በሩ ጥሩ እንጨት ነበር። በገዛ እጇ በዘይት እያሸች ያሳመረችው በር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ ውስጥ ታሪክ የሚያስተምር አንድ መምህር ነበር፤ ትምህርቱን በሰዓቱ ጨርሶ ስለማያውቅና ሁልጊዜ «ይቀጥላል» እያለ ስለሚወጣ ስሙን ይቀጥላል አሉት። ይቀጥላል ዘግይቶ የሚገባ ተማሪ ሲያይ ሐሳቡ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከእሷ ጋር ተስማሙ፦ እሱ ማስተማር ሲጀምር እሷ ከውጭ ትቆልፍና በሩ ላይ ወንበሯን አድርጋ ትቀመጣለች፤ ሲጨርስ ያንኳኳል፤ ትከፍታለች። የዘገየ ተማሪ ቢለምናት፣ ቢያለቅስባት፣ እናቴ ታማ ነው ቢላት መልሷ አንድ ነው።

«ነገ በጊዜ ተነሳ።»

በዚያ ሰሞን ተማሪዎቹ የታሰሩ ጓደኞቻቸው እንዲፈቱ ጠይቀው ስለነበር፣ ግቢው ውስጥ መጠየቅ የሚባል ነገር ባጠቃላይ የተጠላ ነበር። አንድ ቀን የእትዬ ቁልፍ የሟች እህት ልጅ፣ እሷው ያሳደገቻት፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ያለፈው መንግሥት ለምን ወደቀ?»

ይቀጥላል መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው።

«ሦስት ምክንያት አለው» አለ። «አንደኛው…»

አንደኛውን ማንም አልሰማም። ወታደሮች ኮሪደሩን ሞልተው መጡ። አዛዣቸው እትዬ ቁልፍን «ገለል በይ» አላት። ገለል ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጧትም፤ ሁለቱ ወንበሩን ከነእሷ ብድግ አድርገው እንደ አበባ ማስቀመጫ ግድግዳው ጥግ አስቀመጧት። ከዚያ በሩን መደብደብ ጀመሩ።

«ኧረ ቁልፉ እኔ ጋ ነው!» ብላ ጮኸች። «እናንተ! ቁልፉ!»

በሩ ወደቀ። የገቡት ምን እንዳደረጉ በኋላ ከተማሪዎቹ ፊት ላይ ታየ። ይቀጥላልን ይዘውት ሄዱ፤ ከርሞ ቢለቁትም ወደ ሥራው አልመለሱትም።

ከዚያ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲውን በር በመስበራቸው ከትምህርት ተሰናብተዋል። የእህቷ ልጅ ከነሱ አንዷ ነበረች።

«የዘይት ጠርሙስ ለመክፈት ጎረቤት የምትጠራ ልጅ!» አለች እትዬ ቁልፍ፤ ሽርጧን አስተካክላ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ሄደች።

ኮሚቴው ረጅም ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጦ ነበር።

«ምን ነበር?» አሏት።

«በሩን የሰበሩት ተማሪዎቹ አይደሉም። እኔ እዚያው ነበርኩ። ቁልፉም እኔ ጋ ነበር።»

«ትምህርትሽ እስከ ስንት ነው?»

«ሁለተኛ ክፍል። እሱንም አልጨረስኩት።»

«ይሄ የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ ነው» አላት ሰብሳቢው በትሕትና። «ስትወጪ በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው። በር መዝጋት ሥራዋ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ የብረት በር ተገጠመለት። ተማሪ እንዳይሰብረው ተብሎ ነው። በያጁ ሥራውን ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይህን በር ታንክ ካልመጣ የሚያልፈው የለም» አላት። ቁልፉን ሰጧት። ያን ጊዜም «ትይዣለሽ ወይ?» ያላት የለም፤ «እንኪ» ነው ያሏት።

የእህቷ ልጅ ልብስ ስፌት ቤት ገባች። ስትሰፋ ትውላለች፤ ማታ እራት ላይ ጉርሻዋን ይዛ ትቀራለች።

«አክስቴ፣ ግን ምን ይሆን?»

«ምኑ?»

«ምክንያቱ። ሦስት ናቸው ብሎ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ የወደቀው ወድቋል። ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።»

ትበላለች። በማግስቱ ትጠይቃለች። ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ።

አንድ ቀን ጠዋት የሕንፃው ኃላፊ እየተጣደፈ መጣ። ይህ ሰው ሁልጊዜ እንደተጣደፈ ነው፤ የት እንደሚደርስ ግን ታይቶ አይታወቅም።

«እትዬ፣ ተማሪዎች ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የሆነ ነገር አስበዋል አሉ። ያልተፈቀደ ትምህርት። አዳራሹን ቆልፊ!»

«መቼ?»

«አሁኑኑ! ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እሺ» ብላ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቷል። ተማሪዎቹ መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ፊት ይቀጥላል ቆሟል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። የግቢው በር ጠባቂዎች ተቀያይረው ስላለቁ የሚያውቀው አልነበረም፤ እንደማንኛውም አዛውንት ሰላም ብሎ ገባ። ከፊት ወንበር የእህቷ ልጅ ተቀምጣለች። ጠዋት «ሥራ ሄድኩ» ብላ ነበር የወጣችው።

«አክስቴ» አለች እየተነሳች። «ልታስወጪን ነው?»

እትዬ ቁልፍ ቁልፉን በእጇ አገላበጠች። ይህቺ የበር ጠባቂነት ሥራዋ ከቀረች የሁለቱም እንጀራ የስፌት መርፌ ላይ እንደሚንጠለጠል ታውቃለች። እሷ ደግሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመች ቆይታለች፤ ዓይኗ አያይም። የልጅቷን ፊት አየችው። እራት ላይ የምትጠይቀውን ያን ጥያቄ ይዞ ነበር።

«መምህር» አለች። «ቆልፊ ተብያለሁ።»

«እንግዲያስ ቆልፊ» አለ ይቀጥላል። «የዘገየ አይግባ።»

«እንደ ድሮው?»

«እንደ ድሮው።»

ወጣች፤ የብረቱን በር ሳበችው፤ ሁለቴ ቆለፈችው። ቁልፉን ኪሷ ልትከት ብላ ተወችውና በደረቷ በኩል ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ወንበሯን አመጣች። ተቀመጠች።

ወታደሮቹ ሲመጡ አዛዡ ያው የድሮው ሰውዬ ነበር፤ ትከሻው ላይ ኮከብ ጨምሯል፤ ቀበቶው ላይም ሆድ። አላወቃትም።

«ማነው የቆለፈው?»

«እኔ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«እሳቸው።» ከኋላ የቆመውን ኃላፊ በአገጯ አሳየች።

ኃላፊውን ላብ አጠመቀው። «እኔ ያልኩት እኮ… ባዶውን…»

«ባዶውን አላሉኝም። ቆልፊ አሉኝ፤ ቆለፍኩ። ልጠይቅ ብልም ተቆጡ።»

«ስበሩት!» አለ አዛዡ።

አንዱ ወታደር በጫማው መታው። በሩ እንደ ደወል ጮኸ፤ ልጁ በአንድ እግሩ እየዘለለ ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ ብረት ነው» አለ።

«ብረት ማን አስገጠመው?»

«ተማሪዎች እንዳይሰብሩት ተብሎ ነው» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ወደ መጨረሻው ጠፋ።

ኮሪደሩን ከሌላ ክፍል የወጡ ተማሪዎች ሞልተውት ነበር። አንዳንዶቹ ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። እትዬ ቁልፍ ወንበሯ ላይ ተደላደለች።

«ያኛውን በር ተማሪ አልሰበረውም» አለች፤ ታክሲ ውስጥ ስትናገረው በነበረው ድምፅ። «ያሰበርከው አንተ ነህ። እኔን ከነወንበሬ አንስታችሁ እዚያ ጥግ አስቀመጣችሁኝ። በዚያ በር ሰበብ የእህቴን ልጅ ከትምህርቷ አባረራችኋት። አሁን አወቅከኝ?»

አወቃት። ፊቱ ላይ ታየ።

«አንሷት! ቁልፉን ፈልጉ!»

«አንሱኝ» አለች። «ከያኔው ግን ከብጃለሁ።»

ሁለት ወታደሮች ወንበሩን ይዘው አነሱት፤ ትንሽ አየር ላይ አቆዩትና እያቃሰቱ እዚያው አስቀመጡት። እጇን ቁልፉ ባለበት ደረቷ ላይ አደረገች። ልጆቹ ያችን እጅ አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«ሴት ጠባቂ ጥሩ!»

«የለችንም ጌታዬ። ቅጥር ታግዷል» አለ ኃላፊው።

ከበሩ ጀርባ የይቀጥላል ድምፅ ይሰማል። ቃሉ አይለይም እንጂ ረጋ ብሎ እየሄደ ነው። አዛዡ ስልኮቹን አየ፤ በሩን አየ፤ እሷን አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ» አለ፤ ድምፁን አለሳልሶ። «እባክዎን፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

ስልኮቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

ጠየቃት። ስንት ሰው አሰልችታ የኖረችበት ነገር ይኸው መጣ። ቢጠይቁኝ እሰጥ ነበር ስትል ውሸቷን አልነበረም፤ ያኔ ትሰጥ ነበር። ከፍታ፣ ገለል ብላ፣ «ጫማችሁን ጥረጉ» ብላ ታስገባቸው ነበር። በሩም ይተርፍ ነበር። ይህን አሁን ነው ያሰበችው፤ አስባም ደስ አላላትም።

ከውስጥ የእህቷ ልጅ ድምፅ መጣ፤ ጮክ ያለ፤ እንደ ተማሪ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውስ?»

እትዬ ቁልፍ ወንበሯን ወደኋላ ገፋ አድርጋ ጀርባዋን ብረቱ ላይ አስደገፈች።

«ጠየቅከኝ» አለችው አዛዡን። «ደግ አደረግክ። አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ትምህርት ተጀምሯል። ነገ በጊዜ ተነሳ።»