ስድስት ዓሦች ለአባቴ

ዶክተሯ «ወር» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አልተጠቀመችም። «ሳምንታት» ነው ያለችው። ከሆስፒታሉ ደረጃ ስወርድ፣ ስንት ሲሆን ነው «ሳምንታት» የሚባለው እያልኩ በጣቴ እቆጥር ነበር። የአባቴ ልብ ደክሟል። እግሩ አብጧል፣ ሦስት ትራስ ካልተደገፈ መተንፈስ አይችልም። ወደ ቤት የመለስነው እዚያ የሚደረግለት ነገር ስላለቀ ነው።

ቤት በገባ በማግስቱ ጠራኝ።

«አንቺ ጉንዳን።» ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜ ይኸው ነው፤ ዕቃ ሳልሸከም አይቶኝ አያውቅም። «እነዚያን ትንንሽ ዓሦች አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ባያቸው ደስ ይለኝ ነበር።»

የትኞቹን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው የከተማውን ውሃ በሚያጣራው ጣቢያ ነው። ወንዙ ወደ ጣቢያው በሚገባበት አፍ ላይ ቅጠልና ቆሻሻ የሚያስቀር የብረት ወንፊት አለ። ጠዋት ጠዋት ወንፊቱን ሲጠርግ፣ የትንሽ ጣት ቁመት የማይሞሉ፣ ጎናቸው ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ዓሦች ብረቱ ላይ ተለጥፈው ያገኛል። ለመብል አይሆኑ፣ ለሽያጭ አይሆኑ። አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ወንዙ ይመልሳቸዋል። «እኔን ሲያዩ መሸሽ ነው ሥራቸው። ጅራታቸውን ነው የማውቀው» ይል ነበር።

ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሁለት በር አልፎ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አስቀምጧል። ሄጄ ነገሩን ነገርኩት። ማጉያውን ከዓይኑ ሳያወርድ አዳመጠኝ።

«ዛሬ ገንዳ ገዝተሽ ውሃ ብትሞዪው፣ ዓሣ የምታስገቢው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።»

«አምስት ሳምንት የለኝም።»

ማጉያውን አወረደ።

እንደ ልጅ አስቀምጦ አስረዳኝ። ዓሣ የሚሸናው እዚያው በሚተነፍስበት ውሃ ውስጥ ነው። ሽንቱ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ይህን መርዝ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች አሉ፤ ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ይራባሉ፣ ግን ቀስ ብለው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም። ይህን ብሎ ተነሳና እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ከተተ። የራሱን ስፖንጅ አውጥቶ በመቀስ ለሁለት ከፈለው። ቡናማ ነው፣ ያሙለጨልጫል፣ የቦይ ሽታ አለው። ግማሹን ከነውሃው በላስቲክ ቋጠረልኝ።

«ይኼ ቆሻሻ አይደለም። ሰምተሻል እህቴ? በቧንቧ ውሃ እንዳትነኪው። ክሎሪን ከነካው አለቀ። ሌላው ደግሞ፣ ዓሦቹ አንዴ ገንዳ ከገቡ ወንዝ አይመለሱም። ከእኔ ገንዳ የመጣ በሽታ ካለ ለወንዙ በሙሉ ነው የምታተርፊለት። ካስገባሽ አስገባሽ ነው።»

የማያባራ ጭንቀት የጀመረኝ ያኔ ነው። ላስቲኩን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲገፋኝ በክርኔ እየተከላከልኩ ቤት ደረስኩ።

የገዛሁትን ገንዳ ከአባቴ አልጋ ትይዩ፣ የእናቴ ስፌት መኪና የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። አባቴ ውሃ ልኩን ከመሣሪያ ሣጥኑ አስመጥቶ፣ ካልተስተካከለ ውሃ አይገባበትም ብሎ አሻፈረኝ አለ። በግራ በኩል ሁለት ጊዜ የታጠፈ ካርቶን አስገባሁ።

«ትንሽ ይቀራል።»

«አባዬ፣ የጣቢያው ግድብ አይደለም እኮ።»

«ግድብ ቢሆን እሺ እልሽ ነበር። መስታወት ነው።»

ውሃውን ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሁለት ቀን በባልዲ አቆይተነው ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። ክሎሪኑን ዕድሜ ልኩን ሲጨምር የኖረው እሱ ነው። እናቴም ሃያ ስምንት ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ የምታጥብበት በረኪናም ያው ክሎሪን ነው። «እኔንና እናትሽን ያጋባን ክሎሪን ነው። ከሩቁ ስንሸታተት እንተዋወቅ ነበር» አለ። በራሱ ውሃ ያቆየሁትን ስፖንጅ ማጣሪያው ላይ ሰክቼ፣ ሰዓት ሠሪው የነገረኝን ሁሉ ለአባቴ አንድ በአንድ አወራሁለት። እናቴ ማድ ቤት ነበረች። ለእሷ መንገር ትዝ አላለኝም። ስህተቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ስህተት አልሠራሁም፣ ግን ይህም በቂ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጣቢያው ሄድኩ። አባቴን ተክቶ የሚሠራው የፓምፕ ኦፕሬተር ወንፊቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

«ለአለቃዬ ስንት ልልቀም?»

«ስድስት ይበቃሉ ጋሼ።»

ስድስቱንም በእርጥብ መዳፉ አንስቶ የወንዙ ውሃ ወዳለበት ባልዲ አስገባልኝ። በጣቢያው መኪና እስከ በራችን አድርሶኝ ፈረቃው እንዳያልፍበት ቶሎ ተመለሰ።

ግቢ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ስፖንጁን ነው። የልብስ ገመዱ ላይ፣ ከአባቴ ካልሲ አጠገብ፣ በሁለት መቆንጠጫ ተሰቅሏል። ነጭ ነው። በረኪናው ከበሩ ይሸታል።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ፊቷ በርቷል።

«ያን ጉድ በሽተኛ ፊት አስቀምጠሽ ሄድሽ? ሦስት ውሃ ለወጥኩለት። አሁን እስቲ እዪው።»

አየሁት። ባልዲው እጄን እየጎተተኝ ቆምኩ። ዓሦቹ ገና የወንዛቸው ውሃ ውስጥ ናቸው፤ አሁን ብመልሳቸው ለወንዙ የሚተርፍ በሽታ የለም። ግን መኪናው ሄዷል። እናቴንስ ለምን ትመልሻቸዋለሽ ስትለኝ ምን እላታለሁ? አባቴ በሆስፒታል በተኛበት ወር አንዲት ማንኪያ እንኳ በትክክል መያዝ አቅቷት ነበር። አሁን ቀጥ ብላ ቆማለች።

«መጣሽ?» አለ አባቴ ከውስጥ። «አምጫቸው እስቲ።»

«ጎበዝ እማዬ» አልኩና ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። ስድስቱም አንድ ጥግ ተጣብቀው ዋሉ፤ ወደ ማታ መበተን ጀመሩ። አባቴ ትራሱን አስተካክሎ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። «ዓይናቸው ቀይ ክብ አለው እኮ። እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር» አለኝ።

በሁለተኛው ቀን፣ ሰዓት ሠሪው መርዙን እንድለካበት የሰጠኝ የመመርመሪያ ወረቀት ከቢጫ ወደ አረንጓዴ አዘነበለ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የውሃው ገጽ ላይ ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር። የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ቀልቷል። የምሳ ሰዓቴን ትቼ ወደ ሰዓት ሠሪው ሮጥኩ።

«ቀሪውን ግማሽ ብሰጥሽ የእኔዎቹ ያልቃሉ» አለኝ ገንዳውን እያየ። «ማን አጠበው?»

«ሰው።»

«አይ ሰው» አለ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ ከውሃው ሲሶውን በቀን ሦስት ጊዜ መለወጥ፣ ምግብ መቀነስ፣ ከወንዙ የሚያዳልጥ ድንጋይ ማምጣት፤ የሚያዳልጠው እነዚያው ሕያው ነገሮች ስላሉበት ነው።

ኦፕሬተሩ ድንጋዮቹን በእርጥብ ጆንያ አመጣልኝ። እናቴ ገበያ እስክትሄድ ጠብቄ አስገባኋቸው፤ ካየቻቸው እነሱንም ትፈትጋቸዋለች ብዬ ፈርቼ። ስትመለስ አየቻቸው።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«ጌጥ ነው» አላት አባቴ። «እንዳትነኪው። አደራደሩ የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቀኔ በሙሉ ባልዲ ሆነ። ጠዋት ከሥራ በፊት እለውጣለሁ፣ በምሳ ሰዓት እለውጣለሁ፣ ማታ እለውጣለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት እያስገባሁ ዓሦቹ በጀርባቸው ሲንሳፈፉ ይታየኛል። ደንበኛ አምስት ገጽ ሲለኝ አሥራ አምስት አወጣለሁ። በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የማየው የአባቴን ደረት ነው፣ ቀጥሎ ገንዳውን። ሁለቱም ይንቀሳቀሱ እንደሆነ። አንዳንዴ ገንዳውን አስቀድሜ ራሴን እታዘባለሁ።

በአምስተኛው ቀን እናቴ ሻይ ልታፈላ ወጣ ስትል አባቴ በእጁ ጠቀሰኝ።

«አንዷ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ናት። እናትሽ ሳትመለስ አውጫት።»

አወጣኋት። የተበላሸ ኮፒ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ከተትኳት። ለሁለተኛዋም በሰባተኛው ቀን ልክ እንደዚሁ አደረግኩ። ያን ቀን አልቻልኩም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ እማዬ ስፖንጁን…»

«አይቻታለሁ።»

«ምኑን?»

ወደ መስኮቱ በአገጩ ጠቆመ። ከትራሱ ላይ ሆኖ ቧንቧውና የልብስ ገመዱ ፊት ለፊት ይታያሉ።

«ስታጥበው አይቻታለሁ። በረኪናውን ስትለካ፣ ስትዘፈዝፈው።»

«ክሎሪን ምን እንደሚያደርግ እኮ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ነግሬህም ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩት።

«እያንጎራጎረች ነበር» አለ። «ከታመምኩ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። መስኮቱን አንኳኩቼ ተይው ልላት እጄን አንስቼ ነበር። ከዚያ መልሼ አወረድኩት።» ወደ ገንዳው አየ። «በእነሱ ዕዳ መግባቴን አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ያወጣኋቸው ይህን ያካክሱልኝ እንደሆነ እንጃ።»

ተነስቼ ባልዲዬን ያዝኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድም አልሞተም። ወረቀቱ አንድ ቀን ፈካ ይላል፣ አንድ ቀን ይጠቁራል፤ አራቱ ግን ከላይ ወርደው ድንጋዮቹ መካከል ይሯሯጡ ጀመር። አባቴ ግን እየከበደው ሄደ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆይበት ሰዓት ረዘመ። ዓሦቹን በአፉ መቁጠር ትቶ በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ መታ መታ ያደርጋል፤ አራት ጊዜ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን ከሩቅ እያለፈች «ውሃችሁን እንዳታፈሱብኝ» ከማለት በቀር ቀርባው አታውቅም።

«አራት ናቸው» አለች በጣቷ እየተከተለቻቸው። «ስታመጫቸው ስንት ነበሩ?»

አባቴ የተኛ መስሎኝ ነበር።

«አራት» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አራት ነበሩ እማዬ።»

«ድንቅ ነው» አለች። «እኔ እኮ ያን ቀን ስፖንጁን ባላጥበው ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር?»

አባቴ ብርድ ልብሱ ሥር እጄን ፈልጎ ያዘው። ጨበጥ ያደረገኝ ዝም እንድል ይሁን እንዳልስቅ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ነው የቆየው። በጠዋት ነው ያረፈው፣ ፊቱን ወደ ገንዳው አዙሮ።

ቤቱ በሰው ሞላ። ወንበር ከጎረቤት መጣ፣ አልጋው ወጣ፤ ገንዳው ብቻ ለማንሳት ከብዶ ባለበት ቀረ። በሦስተኛው ቀን በለቀስተኛው መካከል እየተሽሎከለክሁ ውሃ ስለውጥ አንዲት የአባቴ ዘመድ እነዚህ የማን ናቸው ብላ ጠየቀች። ቀድማኝ እናቴ መለሰች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል።

«የእሱ ናቸው። ይህች ልጅ ስታመጣቸው ማጣሪያው ላይ የነበረውን እድፍ ባያችሁ። በእነዚህ እጆቼ ነው ያጠብኩት።» እጆቿን ዘርግታ አሳየች። «አንድም አልሞተብንም። አይደለም ልጄ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባልዲው ግማሽ ነበር።

«አንድም» አልኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ዓሦቹ እንዳይደነግጡ፣ ውሃውን መጨመሬን ቀጠልኩ።