የውሃው ልክ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፦ የቀለሜው ቤት የሳሎን ግድግዳ ከዛሬ ማለዳ ጀምሮ ከወለል እስከ ኮርኒስ ክሬም ቀለም መሆኑ በይፋ ተበሥሯል። ሪባን የሚቆርጥ ሹም አልተገኘም። ንግግር ግን ተደርጓል፤ ያደረጉትም የቀለሜው እናት ናቸው።

"አሁን ይምጡ" አሉ፣ በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እየቃኙ። "አሁን ማንም ቢገባ አላፍርም።"

ልጃቸው የመጨረሻዋን ጥግ እየጨረሰ ነበር። ሥራው ቤት መቀባት ነው። ትምህርት ቤት ሳለ ቀለም አልዘልቀው ስላለ ሰፈሩ በሹፈት ቀለሜው አለው፤ ጊዜ ሲያልፍ ሹፈቱ ተረስቶ ስሙ ቀረ። አሁን ደግሞ ብሩሹን ወደ ባልዲው እየመለሰ ሳለ ጎረቤቱ ጎሚስታው ጎማ እንደፈነዳበት ሰው እየሮጠ ገባና በድንጋጤ ደርቆ ቆመ።

"ምን አድርገህ ነው አንተ ሰውዬ?"

"ቀባሁ።"

"መቅባትህንማ አየሁ! መስመሩ የታለ?"

"የምን መስመር?"

"የጎርፉ ነዋ! ገምጋሚዎቹ መንገዱ ጫፍ ደርሰዋል። ቤት ገብተው መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ውሃው ግድግዳ ላይ የተወው ምልክት ከሌለ ጎርፍ አልገባም ብለው ይወጣሉ። መንገዱ ጫፍ ያለችውን መበለት እንደዚያ ብለው ዘለሏት፤ ግድግዳዋን አጥባው ነበር።"

ቀለሜው ግድግዳውን አየው። ግድግዳው በንጹሕ ክሬም ፊቱ መልሶ አየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዙ ሰፈሩን ጥሶ ካለፈ በኋላ የእርዳታ ጽሕፈት ቤቱ ቤታቸው የተጎዳባቸውን እንደሚያግዝ ቃል ገብቶ ነበር። ውሃው ከመስኮቱ ራስ በላይ ለደረሰበት ቤቱ ፈርሶ አዲስ ይሠራለታል፤ ከዚያ በታች ለደረሰበት የተጎዳው ግድግዳ ይጠገንለታል። ገምጋሚዎቹ ዛሬ ይህን መንገድ ካለፉ ወደ ወንዙ ማዶ ይሻገራሉ፤ ከመጪው ዝናብ በፊትም አይመለሱም። በቀለሜው ቤት የኋለኛው ክፍል ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ በእናቱ አልጋ ላይ ተንጋዷል። በሁለት አጣና ተደግፎ ነው የቆመው። እናቱ ስንጥቁን አበባ ባለው መጋረጃ ሸፍነውታል።

ትናንት ገምጋሚዎች ይመጣሉ ሲባል ነው ሁሉም ነገር የተበላሸው። "እንግዳ በጭቃ ግድግዳ ልቀበል? ያውም የቀለም ቀቢ እናት ሆኜ?" ብለው እናቱ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። ሌላ ሰው ቢሆን ጭቃው ላይ ደርቦ ይቀባ ነበር፤ ጫር ቢያደርጉት ማስረጃው ብቅ ይላል። ቀለሜው ግን ሥራ አያበላሽም። ጭቃውን ፋቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ስቱኮ ለጠፈ፣ ከዚያ ቀባ። ማስረጃውን ከነሥሩ ነው ያጠፋው።

"ስንጥቁን እናሳያቸዋለን" አለ ቀለሜው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግድግዳው እየተመላለሰ።

"ስንጥቅማ የማን ቤት የለም!" አለ ጎሚስታው። "በእርጅና ነው ይሉሃል።"

የቀለሜው ሚስት እስካሁን ቀለም የተንጠባጠበበትን ወለል እየጠረገች ነበር። ቀና አለች።

"ሳለው" አለች።

"ምኑን?"

"መስመሩን ነዋ። ለሀብታም ሳሎን ሲሚንቶውን እብነ በረድ አስመስለህ ትስል የለም እንዴ? ጭቃን ጭቃ ማስመሰል ያቅተሃል?"

"ቢነቁብንስ? የተሳለ ካገኙ ይሰርዙናል።"

"አሁንስ የተመዘገብን መሰለህ?"

ቀለሜው ወደ ጓሮ ወጥቶ አንድ ጣሳ ጭቃ አመጣ፤ የተረፈ ቡናማ ቀለም ጠብ አደረገበት፤ ከጠዋቱ ሻይ የቀረውን ጨመረ። በጣቱ ነክቶ አየው። የእጅ ነገር ሆኖበት፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል፣ ቀለሙ ልክ ስለመጣለት ደስ አለው።

ከዚያ ግድግዳው ፊት ቆሞ ቀረ። የት ድረስ እንደነበር አያውቅም። ውሃው የገባ ቀን ቤት አልነበረም፤ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ የሰው ፎቅ እየቀባ ነበር፤ ስልኩ ቀለም እንዳይነካው በኮቱ ኪስ ውስጥ በር ላይ ተሰቅሎ፣ ቢጠራም አይሰማውም። ሚስቱም ሥራ ላይ ነበረች። ቤት የነበሩት እናቱ ብቻ ናቸው።

"እማዬ፣ የት ድረስ ነበር?"

እናቱ ሄደው መስኮቱ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። በአንድ እጃቸው የመስኮቱን ብረት ያዙ።

"እማዬ፣ ቀለሙ አልደረቀም!"

"ይንካኝ። እዚህ ነው የቆምኩት። እንዲህ አድርጌ ይዤ።" በሌላው እጃቸው ወገባቸውን ነኩ። "ውሃው እዚህ ነበር።"

"ወገብ ምን ያደርግላችኋል?" አለ ጎሚስታው። "ከመስኮቱ በላይ አድርገው እንጂ! የኔ ከመስኮቱ በላይ ነው።"

"ያንተም እስከ ወገብ አልነበር እንዴ?" አለ ቀለሜው።

"በኋላ ከፍ አለ።"

"ጎርፉ ከሄደ በኋላ?"

"ውሃ ነው፤ ምን ይታወቃል" አለ ጎሚስታው። ወዲያው ከጎን በኩል ቤቱ ሲንኳኳ ሰምቶ "መጡ! እኔ ጋ ገቡ!" እያለ ተፈተለከ።

"ከመስኮቱ በላይ አድርገው" አለች ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አዲስ ቤት ነው፣ አዲስ! ይህቺን ጎጆ እስከ መቼ ስትለጥፋት ልትኖር ነው? ፍጠን።"

ቀለሜው በርጩማ ላይ ወጣ። ከጥጉ ጀመረ። እጁ አላሳፈረውም፤ መስመሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ሳሳ፣ ከሥሩ እንባ እንባ እያለ ወረደ። ጎርፉ ራሱ ቢያየው የኔ ነው ይል ነበር። በመስኮቱ ራስ ላይ አልፎ እናቱ ጋ ደረሰ። እናቱ አጭር ናቸው። ብሩሹ ከሻሻቸው በላይ ነው የቆመው።

ከብሩሹ አንዲት የጭቃ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈች።

እናቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውሃ ከራሱ በላይ እንዳለፈበት ሰው ከንፈራቸውን ገጥመው ትንፋሻቸውን ዋጡ። የመስኮቱን ብረት የያዘው እጃቸው ጠበቀ።

ቀለሜው ከላይ ሆኖ አያቸው። ከጎን በኩል የገምጋሚዎቹ ድምፅ ይሰማል። ሚስቱ "ምን ሆንክ? ቀጥል እንጂ!" ትላለች። እሱ ግን ከበርጩማው ወረደ፤ ጨርቅ አንሥቶ የሳለውን በሙሉ ጠረገ፤ ዱካው ላይ ክሬሙን መልሶ ደረበበት። ከዚያ እናቱን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ተንበረከከና፣ ወገባቸውን ከነኩበት ጀምሮ፣ መስመሩን እየሳለ ግድግዳውን ዞረው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?" አለች ሚስቱ። ከዚህ በላይ ለማለት ጊዜ አላገኘችም። በሩ ተንኳኳ።

ገምጋሚዋ ወጣት መሃንዲስ ነች፤ ላስቲክ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ባልደረባዋ ሜትር ይዞ ይከተላታል። ጎሚስታው ከኋላቸው በሩ ላይ ተለጠፈ። ገምጋሚዋ ገባ እንዳለች አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

"ቤቱ የቀለም ሽታ አለው" አለች።

"ሥራዬ ነው" አለ ቀለሜው፣ እጁን ከኋላው ደብቆ።

ባልደረባዋ ሜትሩን ዘርግቶ መስመሩን ለካ። እናት ለእንግዳ ወንበር ለማምጣት ዞር ሲሉ ጀርባቸው ከትከሻ እስከ ዳሌ ክሬም ሆኖ ታየ። ሚስት ዓይኗን ጨፈነች። ገምጋሚዋ ጀርባውን አየች። ቀጥላ ግድግዳውን አየች፤ መስኮቱ አጠገብ የአንዲት አጭር ሴት ቅርጽ ቀለሙ ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ የጭቃው መስመር በወገቡ በኩል ያልፋል። ብዙ ቆይታ አየችው።

"እናቴ፣ የሚተኙት የት ነው?"

"እሱ እንኳን ለእንግዳ የሚሆን ክፍል አይደለም፣ ልጄ።"

ሚስት መንገዱን መራች፤ መጋረጃውንም በአንድ ምንጨቃ ገለጠችው። ገምጋሚዋ ስንጥቁ ውስጥ ጭብጧን ከትታ አየች፤ የተነፋውን ግድግዳ በመዳፏ ስትነካው አፈር አልጋው ላይ ፈሰሰ። ከገባችበት ፈጥና ወጣች።

"የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ፈርሶ ይሠራ፤ ከሁሉም ይቅደም" አለችው ለባልደረባዋ። "እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አይተኙም።"

"ቤቱስ?" አለች ሚስት።

"ቤቱ በመስመሩ መሠረት፣ ጥገና ብቻ።"

ሚስት ባሏን አየችው። በዓይን ሰው ቢጠበስ ኖሮ ቀለሜው ያኔ ደርሶ ነበር።

ገምጋሚዋ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ወደ ቀለሜው ዞር አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አልጽፈውም። በዚህ መንገድ ውሃው ቤት በቤት ሽቅብ ሲወጣ ነው ያረፈደው። ከጎንዎ ያለው ቤትማ ኮርኒስ ሊደርስ ምንም አልቀረው።" ጎሚስታው የጫማውን ጫፍ መመርመር ጀመረ። "እዚህ ሰፈር የርስዎን የመሰለ እጅ አላየሁም። ታዲያ ለምን እዚህ ላይ አቆሙት?"

ሁሉም ጠበቁ። ጎሚስታው ላቡን ጠረገ። ሚስት እጇን አጣምራ፣ ከሁሉም ይልቅ እሷ መልሱን ፈልጋ ቆመች። እናት ወንበሩን በቀሚሳቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር፤ ጠብታዋ ግንባራቸው ላይ ደርቃለች። ቀለሜው ጠብታዋን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረ።

"አልናገርም" አለ።