ቡጢ ወይስ ቴስታ

ማስተዋል የቦክስ ጓንት ካጠለቀች ወዲህ ስትደማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በገዛ አገሯ ሰው ፊት ስትደማ ግን የመጀመሪያዋ ነው። በብርድ ልብስ ፋብሪካው አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ሳይቀሩ ፈረቃ ተቀያይረው መጥተው አዳራሹን ሞልተውታል። የዞኑ የሴቶች ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚዋ እናናየሁ የአረርቲ ልጅ ናት፤ አጠር ያለች፣ አንገቷን ቀብራ ሹልክ እያለች የምትጠጋ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሁለቱም እኩል ወደ ፊት ተወረወሩ። ማስተዋል ጉንጯ ሲፈነዳ ተሰማት፤ ከዓይኗ ሥር ደም ወረደ። የውድድሩ ሐኪም ቁስሉን አይቶ፣ «መቀጠል አትችልም» አለ። የመሐል ዳኛውም፣ «ቡጢ ነው» ብሎ የእናናየሁን እጅ አነሣ።

አዳራሹ ተናወጠ።

«ቴስታ ነው!» የማስተዋል አሠልጣኝ ይስማው በገመዱ መሐል ሾልኮ ገባ። «በቴስታ ከተፈነከተች እኮ በነጥብ ነው የሚዳኘው! ዓይናችሁ የት ነበር?»

የአረርቲው አሠልጣኝ ብርሃነ መስቀልም አልተኛለትም። «ስለ ቆሻሻ ጨዋታ አንተ ታወራለህ? ልጅህ የኔን ልጅ አንገት አንቃ ማጅራቷን ስትወግራት አልነበር?»

ማስተዋል ይህን ስትሰማ አቀረቀረች። ሰውየው አልዋሸም። ዳኛው በማያይበት በኩል እያደረገች የእናናየሁን ማጅራት መትታለች፤ አንዴም አይደለም።

ሁለቱ አሠልጣኞች ደረት ለደረት ገጠሙ። ከተመልካቹ መሐል የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተወረወረ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደኪዳን፣ «እባካችሁ ተረጋጉ!» ቢሉ ሰሚ አጡ። ሁሉም ስለ ማስተዋል እየተጣላ፣ እሷ በርጩማዋ ላይ ብቻዋን ቀረች። ፎጣዋ ከእጇ ወድቆ ጎንበስ ብላ ማንሣት አቅቷታል፤ ዓለም ይዞርባታል።

አንድ እጅ ንጹሕ ፎጣ ጉንጯ ላይ አሳረፈላት። «ቀና በይ። እንዲህ ጫን አድርገሽ ያዢው።»

እናናየሁ ነበረች።

«ሂጂልኝ» አለች ማስተዋል። «አሸንፈሽ የለ?»

እናናየሁ አልሄደችም። ከራሷ ያወለቀችውን መከላከያ አሳየቻት። ግንባሩ ላይ ትኩስ ደም አለ። «እኔ የትም አልደማሁም። ያንቺ ነው። እመብርሃንን ሆን ብዬ አይደለም፤ ግን የመታሽ ግንባሬ ነው።»

ከዚያ መከላከያውን ይዛ ወደ ጋሽ ወልደኪዳን አመራች። ብርሃነ መስቀል ክንዷን ያዛት። «ምን ልታደርጊ ነው? እጅሽ የገባውን ልትጥዪ?»

«በእጄ ያልመታሁትን በእጄ ነው ልበል ጋሼ?»

ሰውየው ክንዷን ለቀቀ። ጋሽ ወልደኪዳን መከላከያውን ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት፤ ሌሎቹንም ዳኞች ጠርተው አሳዩ። በመጨረሻ የመሐል ዳኛው ውሳኔ ተሰረዘ፤ እስከዚያች ደቂቃ የተሰጠው ነጥብ ይቆጠር ተባለ። ተቆጠረ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለእናናየሁ ሰጥተው ተገኙ።

«ይግባኝ እላለሁ!» ይስማው እንደገና ተነሣ።

ማስተዋል እጅጌውን ያዘችው። «ተው ጋሼ። እሷ የራሷን ተናገረች፤ እኔስ? ማጅራቷን መትቻታለሁ። ቀድማኝ ነበር፣ አውቀዋለሁ።»

ይስማው ይግባኙን ትቶ ሄደና፣ ብርሃነ መስቀልን እጁን ዘርግቶ ጨበጠው።

በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ሲወስዷት እናናየሁ ሜዳሊያዋን እንዳጠለቀች አብራት ገባች። ቁስሉ ሲሰፋ ማስተዋል የእናናየሁን እጅ ጨብጣ ያዘች፤ መርፌው በገባ ቁጥር እናናየሁ ናት ዓይኗን የምትጨፍነው። ማስተዋል ሳቅ አመለጣት፤ የሚሰፋት ሐኪምም፣ «አትንቀሳቀሺ!» ብሎ ተቆጣት።

«የናንተ ሰዎች እየጠበቁሽ አይደል?» አለቻት።

«ይጠብቁ።»

ማስተዋል ብዙ ልትላት ፈልጋ ነበር። ድሉ ቢያመልጣትም ተበደልኩ ብላ ቤቷ እንዳትገባ ያደረገቻት ይህች ልጅ ናት። ግን፣ «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» ብቻ አለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ፊቷን አይተው ጮኹ። «ማናት እንዲህ ያደረገችሽ? እጇ ይቆረጥ!»

«ኧረ እማዬ፣ አትርገሚያት!» አለች ማስተዋል አፋቸውን በእጇ እየከደነች። «እናናየሁ ትባላለች። ጠርቻታለሁ፤ ለፋሲካ እኛ ጋ ነው የምትውለው።»