ኑሃ ያየችው ኮድ

ኑሃ ውሉን የፈረመችው ቸኩላ ነበር። ከኮምቦልቻ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጥታ እዚያው መቐለ ሥራ ይዛ ከቀረች ወዲህ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሟት አያውቅም። ሓወልቲ አካባቢ ያለው ትንሹ የሶፍትዌር ቢሯቸው ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ኮምፒውተሮችን ይከታተላል። ኮምፒውተሮቹን የሚሠራው የውጭ ኩባንያ የስርዓተ ክወናውን ኮድ፣ መሣሪያውን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰውን ጽሑፍ፣ ለማንም አያሳይም። ለጥቂት ፕሮግራመሮች ብቻ፣ ያዩትን ለሰው እንዳይናገሩ፣ በገዛ እጃቸውም እንዳይጠግኑ አስፈርሞ ይከፍትላቸዋል።

አብሯት የሚሠራው ኣስመላሽ አልፈርምም አለ።

"ከከፈቱት ለሁሉም ይክፈቱት፣" አላት፣ እንደ ልማዱ እህቴ እያለ። "ለአንድ ሰው ብቻ የሚከፈት በር፣ ሓፍተይ፣ ገብተሽ የምትቀሪበት ነው።"

ሳቀችበት።

ችግሩ አንድ ፊደል ነበር። መሣሪያው ‹ቐ›ን ሲያገኝ ድምፁ ይቋረጥና ይጠፋል። የትግርኛ ጽሑፍ ደግሞ ያለ ‹ቐ› ሁለት መስመር አይሄድም። ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት መምህርት ኣስካል፣ ራሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው፣ ቢሮ ድረስ መጥተው ልጆቹ የሚኖሩበትን ከተማ ስም እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተናገሩ። መሣሪያው መቐለ ላይ ሲደርስ ይሞታል፤ ፈተናው ደግሞ እየቀረበ ነው።

ኑሃ ኮዱ ተከፍቶላት ብዙም ሳትቆይ ስህተቱን አገኘችው። ከፊደላቱ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ተዘሏል፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ሻይ እስኪፈላ የሚጠገን ነገር ነው። ለኩባንያው ጻፈች። አመስግነዋት፣ ወደፊት በሚወጣው እትም እንደሚያዩት ገልጸው፣ እስከዚያው የስህተቱን ቦታ ለማንም እንዳትናገር አሳሰቧት። ደግማ ጻፈች። መልሱ ያው ነበር።

ኣስመላሽ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ መሣሪያውን ከውጭ ይፈትሻል። የጠረጠረው ድምፁን የሚያወጣውን ክፍል ነበር። እያየችው፣ ምንም በሌለበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል። አብራው ምሳ መብላት ተወች፤ ፊቷ የሚያሳብቅባት እየመሰላት።

አንድ ቀን ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። "ቦታውን ንገሪኝ አላልኩሽም። ድምፁ ላይ አይደለም በይኝና ልረፍ።"

"አልችልም።"

"ራስሽን መነቅነቅስ?"

ተነሥታ ወጣች። ደረጃው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ብትነግረው ቢሮው በሙሉ ይከሰሳል። ባትነግረው ልጆቹ ፈተና ላይ ድዳ መሣሪያ ይዘው ሊቀመጡ ነው። ወደ ላይ መመለስም ወደ ታች መውረድም አቃታት።

ከዚያ ወዲያ ኣስመላሽ አልጠየቃትም። ድምፁን ትቶ ሌላ ዘዴ ፈለገ፦ ‹ቐ› መሣሪያው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ በራሱ ድምፅ የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ስህተቱ የት እንዳለ እስከ መጨረሻው አላወቀም። በመምህርት ኣስካል ክፍል ውስጥ መሣሪያው "መቐለ" ብሎ፣ አልፎ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ልጆቹ እየደጋገሙ አስነበቡት። ኑሃ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች።

ደስታው ግን አልቆየም። ኩባንያው ሰማና ጠየቀ፦ ኮዱን ያየች ሰው በተቀመጠችበት ክፍል የተጻፈ ፕሮግራም ከእሷ አለመምጣቱ በምን ይታወቃል? ኑሃ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰች ማለች። የቢሮው ኃላፊ ገብረመስቀል አመኗት፤ የእሳቸው ማመን ግን ማስረጃ አልሆነም። ፕሮግራሙ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ እንዲነሣ ወሰኑ። ሥራውን ልልቀቅ ብትላቸው፣ ውሉ ከለቀቀችም በኋላ እንደሚያስራት ነገሯት።

ኣስመላሽ አልተቆጣም። "ዝም ማለትሽን እኔ አውቃለሁ፣" አለ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። "ብትነግሪኝም ኖሮ ያው ነበር።" ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ፕሮግራሙን የማንሣቱ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። ትምህርት ቤቱ ሄዳ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው መለሰቻቸው። ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ። መምህርት ኣስካል የራሳቸውን መሣሪያ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ስህተቱ የት እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል፣ ጓለይ?" አሏት፣ እንደ ልጃቸው።

"አውቃለሁ፣ መምህርት።"

"ከባድ ነው?"

"ቀላል ነው። በጣም ቀላል ነው።"

መምህርቷ ፕሮግራሙ ያለበትን የራሳቸውን መሣሪያ አልሰጧትም። ኑሃም እጇን አልዘረጋችም፤ ሁሉንም መልሻለሁ ብላ ሪፖርት አደረገች።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ‹ቐ› ያለበት ነገር ሲገጥማቸው መምህርቷ ጠረጴዛ ጋ ተሰልፈው ተራ እንደሚጠብቁ ሰምታለች። በየጠዋቱ ቢሮ ስትገባ፣ ኣስመላሽን ሰላም ከማለቷ በፊት፣ አዲሱ እትም ወጥቶ እንደሆነ ታያለች። አልወጣም።